ዓይን የሚመልሰው ኮከብ

ፍሬኒባይ ሳጥኑን እንደታመመ ሕፃን በፎጣ ጠቅልላ፣ እያለከለከች ደረጃዬን ስትወጣ እኔ ገና ጉልበቴን በሰናፍጭ ዘይት እያሸሁ ነበር። ሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ ጠዋት ደንበኛ አልወድም። እውነቱን ለመናገር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ማክሰኞም አልወድም።

«ኩቨርባይ፣ ሞቼልሻለሁ! አድኚኝ!» አለች ገና በሩ ላይ።

«መጀመሪያ ቁጭ በይ። የሞተ ሰው እንዲህ አይጮህም።»

ቁጭ አለችና ፎጣውን ገለጠችው። የሰንደል እንጨት ሳጥን ነው፤ ክዳኑ ጣራ መሳይ፣ አራቱም ማዕዘኑ፣ እግሩና የቁልፍ ቤቱ በብር የተለበጠ። ላዩ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ኮከብ የተሞላ ነው። የዝሆን ጥርስ ነጩ፣ የዞጲ ጥቁሩ፣ በአረንጓዴ የተነከረ አጥንት፣ በመሐል የቆርቆሮ ነጠብጣብ። ይህን ሥራ ሱራት ውስጥ ሳደሊ እንለዋለን። የክዳኑ የፊት ጠርዝ ላይ ግን አንድ ስንዝር የሚሆን ቦታ ባዶውን ቀርቷል፤ እንጨቱ እንደ ድድ ቀልቷል።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምን አደርጋለሁ? ብሩ ጠቁሮ ነበር። እንደ ወጉ በጎምዛዛ የሮቃ ፍሬ ጭማቂና በአመድ ፈተግሁት፤ ለቅለቅ አድርጌ ሰገነት ላይ አሰጣሁት።»

«ሳጥኑን? እንደ በርበሬ?»

«እንዴ፣ የብር ትሪያችንን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደል የምናደርገው?»

«ትሪው ሙጫ የለውማ፣ የኔ እመቤት! የበሬ ሙጫና ውኃ፣ ሙጫና ፀሐይ... ኧረ ተይኝ። የወለቀውስ የታለ?»

«ቁራ በላው» አለችና እንባዋ መጣ። «ስደርስ አንዱን ጎርሶ ይበራል፤ ሌላውን ሠራተኛዋ ከአመዱ ጋር ጠርጋዋለች። ሐሙስ የዚኒያን ጌጥ በዚህ ሳጥን ይዘን ወደ አማቶቿ ቤት ልንሄድ ነው። ባዶ ድዱን የሚያሳይ ሳጥን ይዤ ልግባ? ምን ይሉኛል?»

ዚኒያ ልጇ ናት። በዚህች ከተማ ጥንት ከፋርስ የፈለስነው የእኛ የፓርሲዎች ቁጥር እያለቀ ስለሆነ አንዲት ልጅ ስትዳር መንደሩ ሁሉ ዓይኑን ይተክላል። አዘንኩላት። መነጽሬን አደረግሁና ጎንበስ አልኩ።

መነጽሬን አወለቅሁና ጠርጌ መልሼ አደረግሁት።

«እዪው እንጂ!» አለች ፍሬኒባይ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እያንዳንዱ ኮከብ ስድስት ጨረር አለው፤ አምስቱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ስህተት እንዳይመስልሽ። ሳጥኑን የሸጠልኝ የቦምቤ ነጋዴ ነው ያስረዳኝ። የመቶ ሃምሳ ዓመት ዕቃ ነው። የጥንት ባለሙያዎች አንዱን ጨረር ሆን ብለው ያጠቁሩታል። የምቀኛ ዓይን እዚያ ጥቁር ላይ ይያዝና ሙሽራዋ ጋ አይደርስም። ዓይን የሚመልስ ኮከብ ይባላል።»

«እንዲያ ነው?»

«ስለዚህ የምትተኪውም ያው ጥቁሩ ይኑረው። ሙሉ ነጭ አድርገሽ ብትሰጪኝ የልጄን ዕድል አበላሸሽ ማለት ነው፤ አልቀየምሽም ግን አልረሳልሽም።»

መቶ ሃምሳ ዓመት! ወይ ጉድ። ያ ኮከብ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። የተሠራበትን ቀን፣ ያን ዕለት ለብሼው የነበረውን ቀሚስ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ዓይን የሚመልስ ሳይሆን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያበላሸችው ኮከብ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ አላልኳትም። «ሐሙስ ጠዋት ነይ» ብዬ ሸኘኋት።

ከጓዳ ወንድሜ ተሙል ሳለ። «ማን ናት?»

«ሳጥን እንደ በርበሬ የምታሰጣ።»

«ባታሳ አመጣች?»

«ብስኩት ብቻ ነው የሚታይህ፣ አንተ ሰው! የሚያስለቅሳት አምጥታለች።»

ተሙል ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሞራ የጋረደው አንድ ዓይን፣ ብዙ ሳል፣ ትንሽ ፀጉር። ካራቺ ወደብ ላይ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። አገር ሲከፈል ድንበር በመሐላችን ገባ፤ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ ሌላ ጦርነት። በመጨረሻ ዘንድሮ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሰጡት። ከሄደ በአርባ ስምንት ዓመቱ በዚያው ደረጃ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ኩቨር፣ አርጅተሻል» አለኝ። «አንተ ደግሞ አምሮብሃል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለሞቱ ጎረቤቶች አወራን። ዓርብ በማለዳ ባቡር ይሄዳል። በሁለታችንም ዕድሜና በእሱ ሳል ተመልሶ እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ ደግሞ ልነግረው የሚገባኝ ነገር ነበረኝ። ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ደከመው። በሁለተኛው እኔ ደከመኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ሳምንት ተኩል አለቀ። ይቅር በለኝ የሚለው ቃል አርባ ስምንት ዓመት ደረቴ ውስጥ ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ በሻይ መሐል ብድግ ተደርጎ አይወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳደሊ አንድ አንድ ኮከብ እየለቀሙ የሚለጥፉት አይደለም። መጀመሪያ ነጩን፣ ጥቁሩን፣ አረንጓዴውን ሦስት ማዕዘን አድርገህ እንደ ረጅም ስንጥር ትጠርባለህ። ስንጥሮቹን በሙጫ እየነከርክ፣ ጫፋቸው ኮከብ እስኪሆን እያጋጠምክ ዘንግ ትሠራለህ። ዘንጉን በክር ጥብቅ አድርገህ ትጠመጥማለህ፤ ሙጫው በአሥራ ሁለት ቀን ይደርቃል። ከዚያ ክሩን ፈትተህ እንደ ሙዝ ወደ ጎን ትቆርጠዋለህ፣ እንደ ጥፍር እያሳሳህ። እያንዳንዱ ቁራጭ ያንኑ ኮከብ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ስንጥር በተሳሳተ ቦታ ካስቀመጥክ አንድ ጊዜ አይደለም የተሳሳትከው፤ ሁለት መቶ ጊዜ ነው።

በእኛ ቤት ዘንግ የወንድ ሥራ ነበር። እኔ ሙጫ አቀልጣለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ። አባታችን ኤዱልጂ ለዘመድ ለቅሶ ወደ ናቭሳሪ ከተማ ሲሄድ ዘንጉን ተሙል እንዲገጥም አዘዘው። ተሙል ግን ጀልባ ሊያይ ወደ ታፕቲ ወንዝ ሄደ። ጀልባ ሲያይ ነፍሱን አያውቅም። ስንጥሮቹ ተዘጋጅተው፣ ሙጫው ሞቆ፣ ወንበሩ ባዶ ነበር። ተቀመጥኩ። እጄ እንደማያንስ ላሳያቸው ፈለግሁ። ገጠምኩት፣ በክር ጠመጠምኩት፣ በደስታ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አባባ መጋዙን አነሳ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። አንዱ ጨረር ጥቁር! የአንድ ወር ሥራ፣ የስንት ወር የዝሆን ጥርስ።

«ማነው ይህን የሠራ?»

ተሙል እኔን አየኝ። ከዚያ አባባን አየና «እኔ ነኝ» አለ።

አባባ በዱላ አልመታውም። «ውጣ» ብቻ አለው። ተሙል በሦስተኛው ቀን ወጣ። ዘንጉን አባባ ለሌላ ባለሙያ በርካሽ ሰጠው፤ እነዚያ ቁራጮች በየሳጥኑ ተለጥፈው ወዴት እንደተበተኑ እንጃ። የጣት ያህል ጫፉን ግን እኔ ሰርቄ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅሁት። አባባ ረዳት ሲያጣ ጊዜ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ወንድሜን ባስባረርኩበት ስህተት ሥራውን ወረስኩ ማለት ነው። ከናቭሳሪ አንድ ጥርሱ የሚያምር የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ሊያገባኝ መጥቶ ነበር። እምቢ አልኩ። ከወንበሩ ላይ አንዱን አስነስቼ፣ እኔም ተነስቼ ልሂድ? አባባ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ አልተነሳሁም። ወገቤ ጎብጧል፣ እጄ የሙጫ ሽታ ነው፣ ሥራው ሰልችቶኛል። ሰልችቶኛል ስል ከአንጀቴ ነው።

እንግዲህ ፍሬኒባይ የምትፈልገውን ኮከብ አዲስ ልሥራው ብል ወር ይፈጃል፤ የዝሆን ጥርሱም የለም። ያለኝ ያ ጫፍ ብቻ ነው። እሱን ካወጣሁ ደግሞ ተሙል ማየቱ አይቀርም። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ብሩን ሳጸዳ፣ የላላውን የቁልፍ ቤት ሳጠብቅ ዋልኩ፤ ዋናውን ሥራ እየሸሸሁ መሆኔን ሳጥኑም ያውቅ ነበር።

ረቡዕ ከቁርስ በኋላ ቁርጡ መጣ።

«ተሙል፣ ያቺን ማንቆርቆሪያ አምጣልኝ።»

«ሻይ ልታፈዪ ነው?»

«አሁን ጠጥተህ! ለሙጫው ነው።»

አመጣልኝ። ሙቅ ውኃውን በጨርቅ እየነከርኩ የተላጠውን ጠርዝ አረጠብኩት። የበሬ ሙጫ ደግነቱ ይህ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ እንኳ ሙቅ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል። ደርቆ ሳይጠና ከሆነማ እንደ ቅቤ ነው። የቀረውን ፍቄ አጸዳሁ። ተሙል ከአጠገቤ ቁጭ ብሎ በደህናው ዓይኑ ያየኛል። የብስኩት ቆርቆሮውን ከፈትኩና ጫፉን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ፊቱ ተለወጠ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እንዳታቋርጠኝ።»

«ኩቨር...»

«አታቋርጠኝ አልኩህ! ይህን ዘንግ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ማወቅህን አውቃለሁ። እኔ ነኝ ስትል ያየኸኝ አስተያየት በየቀኑ ይታየኛል። በእኔ ጥፋት ቤትህን አጣህ፣ አባትህን ሳትቀብር ቀረህ። እኔ አፌን ዘግቼ ሙጫ አቀለጥኩ። አንድ ቀን እንኳ፣ በአንድ ደብዳቤ እንኳ፣ ይቅር በለኝ አላልኩህም፤ አመሰግናለሁም አላልኩህም። አሁን ልበልህ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

ተናግሬ ስጨርስ አለቀስኩ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ተሙል እጄን ይይዘኛል ብዬ ነበር፤ አልያዘኝም። ጫፉን እያገላበጠ ቆየና፣ «ክሩን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለ።

«የምን ክር?»

«ክሩ ጎኑ ላይ የተወውን ምልክት። ግራኝ ነሽ አይደል? አንቺ ስትጠመጥሚ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። እስቲ መነጽርሽን አድርጊና እዪው።»

አየሁት። የክሩ ምልክት ወደ ቀኝ ይዞራል። አርባ ስምንት ዓመት በቆርቆሮ ውስጥ ሳስቀምጠው፣ ባለሙያ ነኝ ስል፣ ጫፉን እንጂ ጎኑን አይቼው አላውቅም።

«ያን ዕለት» አለ ተሙል፣ «ከወንዝ ስመለስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። አንቺ ታች ውኃ ትቀጃለሽ። ዘንጉን መደርደሪያው ላይ አገኘሁት፤ እርጥብ ነበር። ማን እንደሠራው ገባኝ፤ ሳቅሁ እንኳ። ክሩን ፈትቼ ጫፉን አየሁት። ስህተቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።»

«እና?»

«እና መልሼ ጠመጠምኩት።»

«ለምን?»

«ያን ሥራ እጠላው ስለነበር ነዋ፣ ኩቨር! ሽታውን፣ ወንበሩን፣ እንደ ጥፍር አሳሳው እየተባለ መኖሩን። እሄዳለሁ ብዬ አባባ ፊት የመቆም ወኔ ግን አልነበረኝም። እሱ ራሱ ውጣ እንዲለኝ ፈለግሁ። አንቺ በር ከፈትሽልኝ፤ እኔ ወጣሁ። ትንሽ ቆይተሽ አግብተሽ ትሄጃለሽ፣ አባባም ሱቁን ይዘጋል ብዬ ነበር። በየደብዳቤሽ ሥራው ደህና ነው ትይኛለሽ። ደስ ብሏት ነው አልኩ። አለማወቅ ስለተመቸኝ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ።»

የማውቀው የመሰለኝ ነገር ሁሉ ከሥሬ እንደ ምንጣፍ ተሳበ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ትዝ አለኝ። ስሙ ሩቶንሻ ነበር። ቀና ብዬ ማንቆርቆሪያውን አየሁ፤ አፉ ላይ እንፋሎት ነበረው።

«ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ነበር» አልኩ።

«ምን?»

«ያን ዕለት። ለሻይህ ጥጄልህ ነበር ውኃ ልቀዳ የወረድኩት። አንድ ኩባያ ሙቅ ውኃ ይበቃው ነበር።»

«አዎ።»

«ሁለቱን ስንጥር ታቀያይራቸው ነበር።»

«አዎ።»

«የሩብ ሰዓት ሥራ።»

«አዎ፣ ኩቨር።»

ውጣ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ለዚህ ሰው ውጣ ማለት ስጦታ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

«ያዝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ዘንጉን ነዋ። ቀጥ አድርገህ ያዝልኝ፤ እኔ እጋዛለሁ። አሥራ አንድ ኮከብ ነው የጎደለው።»

ያዘ። መጋዙን አስገባሁ። አንዱ ወጣ፣ ሁለተኛው ወጣ። በአራተኛው ላይ «ደከመኝ» አለኝ።

«ገና ሰባት ይቀራል።»

«እጄ ዛለ እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ይዝላል። ቀጥ አድርግ፣ አጣመምከው።»

በአሥራ አንደኛው መጨረሻ የቀረችው ቅንጣቢ መጋዙ ሲነካት ተፈረካከሰች፤ ነጩም ጥቁሩም ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። በመዳፌ ጠረግሁና ከመጋዙ ብናኝ ጋር ደፋሁት። ኮከቦቹን አንድ በአንድ ለጥፌ፣ በጨርቅ አስሬ፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ለራት ዓሣ ሠራሁለት፤ በላን። ስለ ዓሣው እንኳ አላወራንም።

ሐሙስ ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ በሰም ስወለውለው ፍሬኒባይ ደረሰች። ሳጥኑን መስኮቱ አጠገብ ይዛ ሄደች፤ አባባ ቁራጩን ይዞ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመች። ብሩ ያበራል። አሮጌውና አዲሱ ኮከብ አይለይም፤ እንዴትስ ይለያል፣ የአንድ ዘንግ ልጆች ናቸው።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ! ጥቁሩ እንኳ ያው ነው!» አለችና ወደ ተሙል ዞረች፤ እሱ ጥግ ላይ ሻይውን ይዞ ተቀምጧል። «ወንድምዬ፣ እርስዎም ባለሙያ ነዎት?»

«አይ፣ እኔ አልቻልኩበትም» አለ።

«እዩ እንጂ የጥንት ሰው ብልሃቱን! ሌላ ሰው ቢያይ ስህተት ነው ይላል። ሆን ብለው ነው እኮ።»

«አዎ» አልኩ፣ ዓይኔን ከተሙል ሳልነቅል። «ሆን ብሎ ነው።»

ተሙል ጎንበስ ብሎ የሻይ ጭላጩን አየ።

ፍሬኒባይ ሳጥኑን ጠቅልላ፣ ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ቆመች። «ለታናሿ ልጄም እንዲህ ያለ ታዘጋጂልኛለሽ። ለሚቀጥለው ዓመት ነው፤ አይቸኩልም።»

«አልሠራም።»

«እሺ፣ ጉልበትሽ ሲሻልሽ...»

«ጉልበቴ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ አልሠራም። መጋዙን የሚፈልግ ካለ ይውሰደው።»

«ውይ፣ አፍሽን በዳቦ! ታዲያ ምን እየሠራሽ ልትውዪ ነው?»

ሽርጤን ፈትቼ የተሙል ወንበር ላይ፣ ያ የቀድሞ ወንበሩ ላይ፣ ወረወርኩት።

«እተኛለሁ» አልኳት። «ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቀን ተኝቼ አላውቅም።»